ዳኝነቱ የማን ነው? ሞርሞኖች ራሳቸውን ስላስተዳደሩበትና ከመንግሥት ጋር ስለተጋጩበት ዘመን

ባለፈው ኅዳር፣ የሚካኤል በዓል በተከበረ ማግስት፣ እዚሁ ጎንደር ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ ከወይራ ዛፍ ሥር፣ ሁለት ወንድማማቾችን ለማስታረቅ ከተቀመጡት አራት ሽማግሌዎች አንዱ ነበርኩ። የሚያከራክራቸው የአባታቸው ቤት ነው። ታላቁ «አባታችንን እስከ ዕለተ ሞቱ የጦርኩት እኔ ነኝና ከመንገድ ዳር ያለው ክፍል ለእኔ ይገባል» ይላል፤ ታናሹ ደግሞ እኩል ለእኩል እንካፈል ባይ ነው፤ መዝገብም አስከፍቷል። መምሬ የቤቱን ንድፍ በጭራሮ አፈሩ ላይ አሰመሩ፤ በሩን በጠጠር፣ የውኃ ጉድጓዱን በቅጠል አመለከቱና «እንግዲህ ከዚህ ላይ ተነጋገሩ» አሉ። ታናሹ ያቺን ጠጠር ብዙ ሲመለከት ቆየና ቀና ብሎ፣ «መምሬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ብትፈርዱብኝና አልቀበልም ብልስ ምን ታደርጉኛላችሁ?» ሲል ጠየቀ። መምሬም «ምን እናደርግሃለን ልጄ፤ እናዝንብሃለን፤ አንተም ወደ ፍርድ ቤትህ ትሄዳለህ» አሉት።

መምሬ ግዝት አላሉም፤ ጎረቤት እሳት እንዳይሰጠው አደርጋለሁ አላሉም። በጥብቅና ሥራ የኖርኩ ሰው ነኝና ይህን መልስ ሰምቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የሕግ ተማሪ ሳለሁ ያነበብኩትና እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣ አንድ የሩቅ አገር ታሪክ አለ፤ እሱም በተለምዶ ሞርሞኖች የሚባሉት የኋለኛው ዘመን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አባላት ራሳቸውን ለማስተዳደር ያደረጉት ጥረትና በዚህም ምክንያት ከአሜሪካ መንግሥት ጋር የገቡበት የስድሳ ዓመት ግጭት ነው። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የሚያውቀው ከአንድ ሚስት በላይ በማግባት ጉዳይ ብቻ ነው። እኔ ግን የነገሩ ሥር የጋብቻ ቁጥር ሳይሆን ዳኝነት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሰውን የሚዳኘው ማን ነው፣ ዳኝነቱንስ አልቀበልም ያለ ሰው ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ጆሴፍ ስሚዝ ቤተ ክርስቲያኑን በኒው ዮርክ ግዛት የመሠረተው በ1830 ነው። ተከታዮቹ ብዙም ሳይቆዩ ጽዮንን እንገነባለን ብለው ወደ ሚዙሪ ሄዱ። በኅብረት መሬት የሚገዙ፣ በኅብረት ድምፅ የሚሰጡ፣ ምድሪቱም ለእነሱ የተሰጠች መሆኗን በግልጽ የሚናገሩ ሰዎች ነበሩና የአካባቢው ነዋሪ ፈራቸው፤ ፍርሃቱም ወደ ጥላቻ ተለወጠ፤ በ1833 ከጃክሰን አውራጃ በኃይል አባረራቸው። በ1838 ግጭቱ ወደ ጦርነት ተቃርቦ ነበር። በዚያ ወቅት ሞርሞኖቹም በአጸፋው የሰው ቤት አቃጥለዋል፤ ይህን መሸፈን አይገባም። ሆኖም የግዛቲቱ አስተዳዳሪ ሊልበርን ቦግስ ጥቅምት 27 ቀን 1838 ያወጣው ትእዛዝ ሞርሞኖች እንደ ጠላት ተቆጥረው ከግዛቲቱ እንዲባረሩ፣ አስፈላጊ ከሆነም እንዲጠፉ የሚል ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ሃውንስ ሚል በተባለች መንደር 17 ሰዎች ተገደሉ፤ ከነሱም አንዱ አንጥረኛ ቤት ውስጥ የተሸሸገ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። ይህ ትእዛዝ በይፋ የተሻረው በ1976 ነው። አንድ የመንግሥት ወረቀት ከስንት ትውልድ በላይ ሊቆይ እንደሚችል ልብ ይሏል።

የተፈናቀሉት ሰዎች አቤቱታቸውን እስከ ዋሽንግተን ድረስ ይዘው ሄዱ። ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢዩረን ለስሚዝ የሰጡት መልስ፣ ስሚዝ ራሱ እንደተናገረው፣ ጉዳያችሁ እውነት ቢሆንም ላደርግላችሁ የምችለው ነገር የለም የሚል ነበር። በዚያ ዘመን የፌዴራሉ መንግሥት ግዛቶች በዜጎች ላይ ለሚፈጽሙት በደል ጣልቃ የሚገባበት ሕጋዊ መንገድ እጅግ ጠባብ ነበር። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች የደረሱበት መደምደሚያ፣ የሚጠብቀን ፍርድ ቤት ከሌለ የራሳችንን ፍርድ ቤት እናቋቁማለን የሚል ሆነ። ይህን አስተሳሰብ ማውገዝ ይከብደኛል።

አጋጣሚውን ያገኙት በኢሊኖይ ግዛት ነው። በታኅሣሥ 1840 የግዛቲቱ ምክር ቤት ናቩ ለተባለችው አዲስ ከተማቸው የሰጠው ቻርተር እጅግ ሰፊ ሥልጣን የያዘ ነበር፤ ከተማዋ የራሷ ምክር ቤት፣ የራሷ ዩኒቨርሲቲ፣ ናቩ ሌጊዮን የሚባል የራሷ ሚሊሻ፣ ከሁሉም በላይ አካልን ነፃ የማውጣት ትእዛዝ የመስጠት ሥልጣን ያለው የራሷ የከተማ ፍርድ ቤት እንዲኖራት ተፈቀደ። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ በቀላሉ ማለፍ አይቻልም። አካልን ነፃ የማውጣት ክስ ያለ አግባብ የታሰረን ሰው ለማስፈታት የተሠራ፣ ከሕግ ሁሉ የማከብረው መሣሪያ ነው። በናቩ ግን ከተማዋ የማትፈልገውን የሌላ ግዛት የእስር ማዘዣ ሁሉ ዋጋ የሚያሳጣ ጋሻ ሆነ። ቦግስ በ1842 ቤቱ ውስጥ ተተኩሶበት ከሞት ከተረፈ በኋላ ሚዙሪ ስሚዝን አሳልፋችሁ ስጡኝ ብትልም፣ የናቩ ፍርድ ቤት ማዘዣው እንዳይፈጸም በጋሻነቱ ከለላ ሰጠው። ስሚዝ ደግሞ በዚያን ጊዜ በአንድ ጊዜ ነቢይ፣ ከንቲባ፣ የሚሊሻው ጄኔራልና የከተማው ፍርድ ቤት የበላይ ዳኛ ነበር።

የጎንደር ልጅ ይህን ሲያነብ እጨጌ ቤትን ማስታወሱ አይቀርም። በነገሥታቱ ዘመን የእጨጌው ሰፈር መማፀኛ ነበር፤ ንጉሥ የተቆጣው፣ ባለ ደም የሚያሳድደው፣ ባለ ዕዳ የሚፈልገው ሁሉ ወደዚያ ገብቶ ይጠለል ነበር። ነገር ግን አንድ መሠረታዊ ልዩነት አለ። መማፀኛው ቁጣ እስኪበርድና አማላጅ እስኪላክ ድረስ ጊዜ የሚገዛ ቦታ እንጂ ተፈላጊውን ከጥፋቱ የሚያነፃ ችሎት አልነበረም። ናቩ መጠለያውንና ችሎቱን፣ መስቀሉንና ጠመንጃውን በአንድ እጅ ያዘች፤ አደጋውም የመጣው ከዚያ ነው።

ሰኔ 7 ቀን 1844 ከስሚዝ የተለዩ የቀድሞ ተከታዮቹ በዚያችው ከተማ ናቩ ኤክስፖዚተር የተባለ ጋዜጣ አወጡ። ጋዜጣው ስሚዝ በምስጢር ከአንድ ሚስት በላይ ያገባ መሆኑንና የሃይማኖትና የመንግሥትን ሥልጣን ጠቅልሎ መያዙን የሚያጋልጥ ነበር። የከተማው ምክር ቤት ጋዜጣው የሕዝብን ሰላም የሚያውክ ነው ብሎ ወሰነ፤ ሰኔ 10 ቀን የማተሚያ መኪናው ተሰባበረ፤ ፊደላቱም መንገድ ላይ ተበተኑ። የወጣው አንድ እትም ብቻ ነበር። በዚህ ድርጊት ሲከሰስም ስሚዝን ነፃ ያወጣው ያው የራሱ ከተማ ፍርድ ቤት ነው። በእኔ ፍርድ የዚህ ሕዝብ ታሪክ የተሰበረው እዚህ ላይ ነው፤ በጉልበተኛ ብዙኃን የተገፋ ሕዝብ፣ ሥልጣን ሲይዝ በውስጡ የሚናገሩትን ጥቂቶች አፍ ለመዝጋት ያው ጉልበት ያስፈልገኛል አለ። ኤክስፖዚተርን ያተሙት ሰዎች የእኛ ወጣት የጠየቀውን ነው የጠየቁት፦ አልቀበልም ብንልስ?

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ማንንም ሕግ አክባሪ ሊያኮራ የማይችል ነው። አስተዳዳሪው ቶማስ ፎርድ ጥበቃ እንደሚያደርግለት ቃል ገብቶለት እጁን የሰጠው ስሚዝ፣ ከወንድሙ ከሃይረም ጋር ካርቴጅ በተባለች ከተማ ወህኒ ቤት ሳለ፣ ሰኔ 27 ቀን ፊታቸውን ጥላሸት የቀቡ ሰዎች ገብተው ሁለቱንም ገደሏቸው። በ1845 በግድያው የተከሰሱት አምስት ሰዎች በሙሉ በነፃ ተለቀቁ። የናቩም ቻርተር በዚያው ዓመት ተሻረ። መንግሥት «ከእኛ ፍርድ ቤት በቀር ፍርድ ቤት የለም» ብሎ፣ በፍርድ ቤቱ ግን ፍርድ ሳይሰጥ ሲቀር፣ ሰው በየጎጡ የራሱን ዳኛ ቢሾም የሚወቀሰው ማን ነው?

ከስሚዝ በኋላ መሪ የሆነው ብሪገም ያንግ የተረፈውን ሕዝብ ይዞ ሶልት ሌክ ሸለቆ የገባው ሐምሌ 24 ቀን 1847 ነው። ሸለቆው በዚያን ዕለት የሜክሲኮ ምድር ነበር፤ ከአሜሪካ ሸሽተው የወጡት ሰዎች ገና ጎጆ ሠርተው ሳይጨርሱ፣ በ1848 በተፈረመው ውል ምድሪቱ የአሜሪካ ሆነችና የሸሹት መንግሥት ተከትሏቸው መጣ። በ1849 ዴዘረት የተባለ ግዛት መሥርተናልና ተቀበሉን ብለው ጠየቁ። የአሜሪካ ምክር ቤት ግን በ1850 ስሙን ዩታ ብሎ፣ በግዛትነት ሳይሆን በቴሪቶሪነት አቋቋመው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው፤ የቴሪቶሪ አስተዳዳሪውንና ከፍተኛ ዳኞቹን የሚሾመው የዋሽንግተኑ ፕሬዚዳንት እንጂ ነዋሪው አይደለም። ያንግ ራሱ የመጀመሪያው አስተዳዳሪ ሆኖ ስለተሾመ ግን ነገሩ ለጥቂት ዓመታት ተሸፍኖ ቆየ።

በውስጥ ያደራጁት አስተዳደር በእውነት የሚደነቅ ነው። ሕዝቡ ዋርድ በሚባሉ አጥቢያዎች ተከፍሎ በእያንዳንዱ ላይ ቢሾፕ ተሾመ። ቢሾፑ እንደ እኛ ጳጳስ በመንበር የሚቀመጥ አይደለም፤ ደመወዝ የሌለው፣ ሚስትና ልጆች ያሉት፣ አርሶ የሚበላ የሰፈር ሰው ነው። አሥራቱን በእህልና በከብት ይሰበስባል፣ ለድኻው ያከፋፍላል፣ የወሰን፣ የውኃና የብድር ጠብ ሲነሣም ያስታርቃል። ከቢሾፑ ፍርድ ቅር የተሰኘ ወደ ከፍተኛው የሽማግሌዎች ሸንጎ ይግባኝ ይላል። ጠበቃ አያስፈልግም፤ የዳኝነት ክፍያ የለም። በደረቅ ምድር መስኖ አውጥተው የኖሩት በዚህ ዓይነት ዳኝነት ነው። የሚገርመኝ ሌላ ነገር ደግሞ የራሳቸውን ፊደል እስከ መቅረፅ መድረሳቸው ነው፤ የዴዘረት ፊደል የተባለው 38 ምልክት ያለው ጽሕፈት በ1850ዎቹ ተዘጋጅቶ የልጆች ማስተማሪያ መጽሐፍ ሳይቀር ታትሞበታል፤ ነገር ግን ሕዝቡ ሳይለምደው ቀረ። ፊደል ያለው ሕዝብ ልጅ ነኝና ይህ ክፍል ልቤን ይነካዋል።

ነገር ግን የቢሾፑ ችሎት ከመምሬ ሽምግልና የሚለይበት ቦታ አለ። ወንድሙን በመንግሥት ፍርድ ቤት የከሰሰ አባል ከቤተ ክርስቲያኑ ሊወገዝ ይችል ነበር፤ መወገዝ ደግሞ ንግዱም፣ መስኖውም፣ ጎረቤቱም በአንድ እጅ በተያዘበት ሸለቆ ከቅዳሴ መከልከል ብቻ አልነበረም። ከዚህም በላይ የቴሪቶሪው ሕግ አውጪ በ1852 የውርስና የሞግዚትነት ጉዳይ ብቻ ሊያዩ ይገባቸው ለነበሩት የአውራጃ ፍርድ ቤቶች የፍትሐ ብሔርና የወንጀል ሥልጣን ሁሉ ሰጣቸው። ዳኞቹ አብዛኛውን ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑ መሪዎች ስለነበሩ፣ ከዋሽንግተን የተላኩት ዳኞች ችሎት ባዶ ወንበር ሆነ። ከነዚያ ዳኞች መካከልም ለሕዝቡ ንቀት ያላቸው፣ በምግባራቸውም ለነቀፋ የተጋለጡ ነበሩ፤ ሥራቸውን ጥለው እየተመለሱ ዩታ ዐምፃለች የሚል ወሬ ነዙ።

ፕሬዚዳንት ጄምስ ቡካናን በ1857 አዲስ አስተዳዳሪ ከ2,500 ያህል ወታደር ጋር ላኩ፤ ለያንግ ግን ከሥልጣን መሻሩን የሚገልጽ ደብዳቤ እንኳ አስቀድሞ አልደረሰውም። ወሬው የደረሰው የገቡበትን አሥረኛ ዓመት ሐምሌ 24 ቀን በተራራ ላይ ሲያከብሩ ነው። የሚዙሪን ዘመን የሚያስታውስ ሕዝብ ሠራዊት እየመጣ ነው ሲባል ምን እንደሚያስብ መገመት ይቻላል። ሚሊሻው ከ70 በላይ የስንቅ ሠረገላ አቃጠለ፤ ሠራዊቱ በበረዶ ከረመ። በዚያው ፍርሃት መካከል መስከረም 11 ቀን 1857 በደቡብ ዩታ ማውንቴን ሜዶውስ በተባለ ቦታ፣ የሞርሞን ሚሊሻ አባላት ከአርካንሳስ ወደ ካሊፎርኒያ የሚያልፉ 120 ያህል መንገደኞችን ነጭ ባንዲራ አሳይተው፣ በሰላም እናሳልፋችኋለን ብለው ትጥቃቸውን ካስፈቱ በኋላ ፈጇቸው። የተረፉት 17 ሕፃናት ብቻ ናቸው። ለዚህ ሁሉ ደም ተፈርዶበት የተገደለው አንድ ሰው፣ ጆን ሊ፣ ያውም ከሃያ ዓመት በኋላ በ1877 ነው። የአካባቢው ሚሊሻ አዛዥ፣ የአካባቢው ዳኛና የአካባቢው የቤተ ክርስቲያን መሪ አንድ በሆኑበት አገር ለሟች የሚጮኽለት ማን ይሆናል? በዚህ ታሪክ ውስጥ እንደዚህ የሚያሳዝነኝ የለም።

በ1858 የጸደይ ወቅት 30,000 ያህል ሰው ቤቱን ጥሎ ወደ ደቡብ ወጣ። በየቤቱ ገለባና ጭራሮ ሞሉ፤ ሠራዊቱ ከተማዋን ለመያዝ ከሞከረ እሳት እንዲለቁ ጥቂት ጠባቂዎች ብቻ ቀሩ፤ የተጀመረውን ቤተ መቅደስ መሠረትም እርሻ እስኪመስል ድረስ አፈር አለበሱት። ሠራዊቱ ግን በስምምነት ጸጥ ባለው ከተማ መካከል አልፎ ራቅ ብሎ ሰፈረ። እሳቱም አልተለኮሰም።

ከዚያ በኋላ ጦርነቱ ወደ ሕግ መጻሕፍት ገባ። ቤተ ክርስቲያኑ ከአንድ በላይ ማግባትን በ1852 በይፋ ያስተማረ ስለነበር፣ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1862 ድርጊቱን ወንጀል አደረገው፤ ነገር ግን የሚፈርደው ጁሪ ከዚያው ሕዝብ ስለሚመረጥ ሕጉ አልሠራም። በ1874 የአውራጃዎቹ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ተቀነሰ። በ1879 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከአንድ በላይ በማግባት በተከሰሰው በጆርጅ ሬይኖልድስ ጉዳይ፣ ሕግ እምነትን ሊነካ አይችልም፣ ድርጊትን ግን ሊከለክል ይችላል ሲል ወሰነ። ይህን ፍርድ ተማሪ ሆኜ ሳነበው ትክክል መስሎ ታይቶኝ ነበር፤ ዛሬም መሠረቱን እቀበለዋለሁ። የማልቀበለው ከዚያ በኋላ የተከመረውን ነው።

የ1882ቱ የኤድመንድስ ሕግ ከአንድ በላይ ያገባን ሰው ከመምረጥ፣ ከመመረጥና በጁሪ ከመቀመጥ አገደ። ከአንድ ሺህ በላይ ወንዶች ታሰሩ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ፕሬዚዳንት ጆን ቴይለር እንደተሸሸገ በ1887 ሞተ። ስለ ባሏ አልመሰክርም በማለቷ ሕፃኗን ታቅፋ ወህኒ የወረደች እናትም ነበረች። የ1887ቱ ኤድመንድስ ታከር ሕግ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን ሕጋዊ ሰውነት አፈረሰ፣ ከ50,000 ዶላር በላይ የሆነ ንብረቱን ወረሰ፤ የዩታ ሴቶች ከ1870 ጀምሮ የነበራቸውን የመምረጥ መብትም ነጠቀ። ሴቶቹን ከባርነት አወጣለሁ እያለ ድምፃቸውን የወሰደ ሕግ ነው። በጎረቤቷ በአይዳሆማ አንድ ሰው ሁለት ሚስት ባይኖረውም እንኳ ይህን የሚያስተምር ማኅበር አባል አይደለሁም ብሎ ካልማለ መምረጥ አይችልም ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1890 ይህን አጸደቀ። እምነት አይነካም ካለ ከአሥራ አንድ ዓመት ገደማ በኋላ እምነትን ነካ። በነዚያው አሥርት ዓመታት መጀመሪያ፣ እዚህ አገር ዐፄ ቴዎድሮስ ለአንድ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃዋል ብለው የተረፈውን መሬት መውሰዳቸውን፣ በ1866ም ጎንደርን ከነአብያተ ክርስቲያናቷ መዝረፋቸውን ለሚያውቅ ሰው፣ መንግሥት ካህኑን እገራለሁ ሲል የት ላይ መቆም እንደሚያቅተው አዲስ ነገር አይሆንበትም።

በመስከረም 1890 ፕሬዚዳንት ዊልፎርድ ዉድራፍ የአገሩን ሕግ እንደሚቀበልና ተከታዮቹም እንዲቀበሉ እንደሚመክር በጽሑፍ አስታወቀ። የተወረሰው ንብረት ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ዩታም ጥር 4 ቀን 1896 አርባ አምስተኛዋ ግዛት ሆነች። ሕገ መንግሥቷ የሃይማኖት ነፃነትን ባረጋገጠበት አንቀጽ ውስጥ ከአንድ በላይ ማግባትን ለዘለዓለም ከለከለ፤ ሴቶችም መብታቸውን መልሰው አገኙ። የቢሾፖቹ የእርቅ ችሎት ግን በአዋጅ አልተዘጋም። ሰው ሌላ በር ሲከፈትለት ለመሬትና ለብድር ክርክር ወደ መንግሥት ፍርድ ቤት መሄድ ለመደ፤ ለቢሾፑም የቀረለት የነፍስ ጉዳይ ሆነ።

የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል፤ በአንቀጽ 34 ደግሞ የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በሃይማኖት ወይም በባህል ሕጎች እንዲዳኙ ይፈቅዳል፤ ይህም በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ሲሆን ነው። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችንም የቆሙት በዚህችው «ፈቃድ» በምትባል ቃል ላይ ነው። ቃሏ በወረቀት ላይ ቀላል ናት። ባልቴቷ ከባሏ ዘመዶች መካከል ብቻዋን ተቀምጣ «ፈቅደሻል ወይ?» ስትባል ግን ክብደቷ ይታያል፤ ስለዚህ በሽምግልና በተቀመጥኩ ቁጥር ሴቲቱን ወይም ታናሹን ለብቻ አውጥቼ ሳልጠይቅ እርቅ አልፈርምም።

የወንድማማቾቹ ጉዳይ አላለቀም። ታናሹ የሰጠነውን ሐሳብ አልተቀበለም፤ ቀጠሮው ከጥምቀት በኋላ ነው። በገና ዕለት ወደ ታላቁ ቤት ለእንኳን አደረሳችሁ ጎራ ስል፣ ከመሶቡ አጠገብ ታናሹ ተቀምጧል፤ ታላቁ ያጎርሰዋል፣ መምሬም በጠላው ላይ እየባረኩ ነው።